ፀሐይ ለሚመታው በር የሚሆን ቫርኒሽ

ባለፈው ኅዳር ጎንደር ውስጥ ማራኪ አካባቢ አንድ በር እንዳይ ተጠራሁ። የጽድ በር ነው፣ እጁ የጸና አናጺ የሠራው። ከተቀባ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ፣ «አንተ ልጅ፣ ይኸ ክረምት በሬን በላብኝ» አሉኝ።

ቀረብ ብዬ አየሁት። ሽፋኑ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቷል። አንዷን ቅርፊት በጥፍሬ ላጥኩና መዳፌ ላይ ገልብጬ አሳየኋቸው። ከላይ አሁንም ታብረቀርቃለች። ጀርባዋ ላይ ግን ግራጫ፣ ስስ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር ተጣብቋል። እንጨት ነው። ቫርኒሹ እንጨቱን አለቀቀም። የለቀቀው እንጨቱ ራሱ ነው፤ የላይኛው ቆዳው ሞቶ ከቫርኒሹ ጋር ተገንጥሎ መጣ።

«እማማ፣ አንቱ ክረምቱን አይውቀሱት። በርዎን የበላው ፀሐይ ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም። ስለዚህ ወደ ጓሮ ይዣቸው ዞርኩ። የጓሮው በር ከዚያው ጽድ የተሠራ፣ ከዚያው ጣሳ የተቀባ ነው። ከላዩ ምንም መከለያ ስለሌለው ዝናቡ ከፊተኛው በር ይበልጥ ያገኘዋል። ፊቱ ግን ወደ ሰሜን ነው። በጋውን ሙሉ ፀሐይ በቀጥታ አያየውም። ትንሽ ከመደብዘዝ በቀር ምንም አልሆነም። እማማ ከላይ እስከ ታች በእጃቸው ዳሰሱትና ዝም አሉ።

ጎንደር ውስጥ ብዙ ሰው የውጭ እንጨቱን ለክረምት ብሎ ቫርኒሽ ይቀባል። ሲላጥም ክረምቱን ይረግማል። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሁሉም ነገር ደህና በሚመስልበት ጊዜ ነው። ይህን የምጽፈው ሰው በሩን በትክክለኛው ወር እንዲያይልኝ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንጨትን ክሮች አጣብቆ የያዘ ሊግኒን የሚባል የተፈጥሮ ሙጫ አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይህን ሙጫ ያፈርሰዋል። ምንም ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ቫርኒሽ ደግሞ ጨረሩን ወደ እንጨቱ ያሳልፋል። ሽፋኑ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው፣ ከሥር ግን የያዘው እንጨት እየላላ ነው። ከዚያ በኋላ አንዲት ስንጥቅ ትበቃለች። የሰኔ ውሃ በእሷ ገብቶ ከሽፋኑ ሥር ይተኛል፣ መውጫም ያጣል። እንጨቱ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ሽፋኑን ገፍቶ ያነሣዋል።

ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ይህ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጣሳው ላይ «ይህን ያህል ዓመት ይቆያል» የሚል ነገር ካያችሁ፣ ለኛ ከተማ ቀንሳችሁ አንብቡት።

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት እንጨቱ ወዴት እንደሚያይ እዩ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው። ደቡብ የሚያይ በር በጋውን ሙሉ ይጠበሳል። ምዕራብ የሚያየው ደግሞ የከሰዓቱን ይቀበላል። እኔ ከፒያሳ ወደ ፋሲል ግቢ ስሄድ መንገዱን ሳይሆን በሮቹን ነው የማየው። አንድ ቤት ላይ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ሆነው፣ አንዱ ከክዳኑ ጥላ ሥር ስለገባ ብቻ አሥር ዓመት ወጣት ሲመስል አይቻለሁ። ቤት ገና እየሠራችሁ ከሆነ ቆርቆሮውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አስወጡት። ከዚህ የተሻለ ቫርኒሽ አልሸጥላችሁም።

የእንጨቱ ዓይነትም ይወስናል። ጽድ በራሱ ጠንካራ ነው፤ ምስጥም ብዙ አይደፍረውም። ምንም ሳይቀባ ግራጫ ሆኖ ዘመናት የቆመ የጽድ በር አይታችሁ ይሆናል። መልኩን ካልወደዳችሁት በቀር መቅባት ግዴታ አይደለም። ጽድ የራሱ ዘይት ስላለው ግን ቫርኒሽ ቶሎ አይደርቅበትም። ስለዚህ ከመቀባቱ በፊት በአኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በረጠበ ጨርቅ ተወልውሎ፣ የተወለወለው ፊት እንደደረቀ ወዲያው ይቀባል። ዋንዛ ለሥራ ለስላሳ፣ መልኩም ያማረ ነው፤ ውጭ ሲሆን ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። ባህር ዛፍ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። በተሰነጠቀ ቁጥር ላዩ ላይ ያለውን ሽፋን አብሮ ይቀድደዋል። ለባህር ዛፍ አጥርና ምሰሶ ቫርኒሽ አልመክርም። ወደ ውስጥ የሚሰርግ፣ ቀለም ያለው የእንጨት ማቅለሚያ ይሻለዋል። እሱ ሽፋን ስለማይሠራ አይላጥም፣ ብቻ ይደበዝዛል። ሲደበዝዝ አጥቦ ላዩ ላይ መድገም ነው።

ተኝቶ ለሚውል እንጨትም ሐሳቤ ይኸው ነው። የበረንዳ ወለል፣ የደጅ አግዳሚ ወንበር፣ የደረጃ መደገፊያ የላይኛው ፊት። ውሃ ይቆምባቸዋል፣ ፀሐይም ከአናት ትመታቸዋለች። እነዚህን ቫርኒሽ ቀብቶ ገንዘብ የሚቀበል ባለሙያ ካለ፣ ቢያንስ በየዓመቱ መመለስ እንዳለበት ይንገራችሁ።

አሁን ወደ ጣሳው። ሱቅ ገብታችሁ «ቫርኒሽ ስጠኝ» ካላችሁ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰጣችሁ የቤት ውስጥ ዕቃ የሚቀባበትን ነው። ለአልጋና ለቁም ሣጥን የሚሆነው ሴሉሎዝ ላከር ወይም ተራ ፖሊዩረቴን ድርቅ ብሎ ይጠነክራል። ለጠረጴዛ ጥሩ ነው። የውጭ እንጨት ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ድርቅ ያለው ሽፋን ይህን እንቅስቃሴ መከተል ስለማይችል ይሰነጠቃል።

የሚፈለገው የሚለጠጥ ነው። ጣሳው ላይ «ኤክስቴሪየር»፣ «ማሪን» ወይም «ስፓር» የሚል ፈልጉ። ስፓር የመርከብ ሸራ የሚወጠርበት ግንድ ነው። ግንዱ በነፋስ ስለሚተጣጠፍ አብሮት የሚተጣጠፍ ቫርኒሽ ተሠራለት፤ ስሙም ከዚያ ቀረ። ምስጢሩ ዘይቱ ከሙጫው እንዲበዛ መደረጉ ነው። ከተንግ ዘይት (ከተንግ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ) እና ፌኖሊክ ከሚባል ሰው ሠራሽ ሙጫ የተሠራ ካገኛችሁ እሱ ከጥሩዎቹ ነው። ከዚያ «ዩቪ» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ ጨረር የሚመጥ ንጥረ ነገር አለበት ማለት ነው። እሱም ቢሆን ከጊዜ ጋር ያልቃል። እንደገና የምንቀባበት አንዱ ምክንያት እሱን ለመተካት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ የውጭ ከሆነ ትንሽ ቡናማ ቀለም ያለውን ምረጡ። ቀለሙ ለእንጨቱ ጥላ ይሆነዋል። ሰው ሁሉ ጥርት ያለውን ይወዳል፣ እኔም እወደዋለሁ። ደቡብ ለሚያይ በር ግን አልቀባውም። ሁለተኛ፣ አንጸባራቂው ከደብዛዛው ይበልጣል። ደብዛዛው ብርሃኑ እንዲቀንስ ዱቄት ተጨምሮበታል፤ ዱቄቱ ሽፋኑን ያዳክመዋል። ብርቅርቅ የማትወዱ ከሆነ የታቹን በአንጸባራቂ ገንብታችሁ የመጨረሻዋን እጅ (አንድ ዙር ቅብ) ብቻ በደብዛዛ ዝጉ።

ጣሳውን ካላመናችሁት ፈትኑት። እኔ አዲስ ነገር ሲመጣ ከወተት ዱቄት ጣሳ ላይ አንድ ቀጭን ልጥ እቆርጣለሁ። አጽድቼ አንድ እጅ እቀባውና ሳምንት አሳድረዋለሁ። ከዚያ እርሳስ ላይ እጠቀልለዋለሁ። ጥሩው አብሮ ይታጠፋል። ለቤት ውስጥ የተሠራው እጥፋቱ ላይ ነጭ ይሆንና ይፈረፈራል። አንድ በር ከማበላሸት ሳምንት መጠበቅ ይሻላል።

የተልባ ዘይትስ ለምትሉኝ፣ ቤት ውስጥ የተጨመቀ ጥሬ የተልባ ዘይት አትቀቡ። በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። እስኪደርቅ አቧራ ይሰበስባል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሻጋታ ይበላዋል። በሐምሌ ጥቁር ነጠብጣብ የወረሰው መስኮት ደርሶኝ ያውቃል፤ ሰውየው ከልቡ መልካም ያደረገ መስሎት ነበር። የኑግ ዘይትም እንዲሁ ተለጣፊ ሆኖ ይቀራል። የኑግ ዘይት ለወጥ ነው።

ዘይት ካነሣሁ ስለ ጨርቁ ልናገር። ይህን ሳትዘሉ አንብቡልኝ። አዘዞ አጎቴ ጋ ሙያ ስማር፣ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ አጣጥፈን ፍቅፋቂ የሞላበት ጆንያ ውስጥ ጥለን ሄድን። ጠዋት ስንከፍት ቤቱ በጭስ ሽታ ታፍኗል። ጆንያው ከመሀሉ ከስሏል። ክብሪት የነካው ሰው የለም። ዘይቱ ሲደርቅ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይነድዳል። ጆንያው ሲሚንቶ ወለል ላይ ባይሆን ኖሮ ያ ቤት ዛሬ የለም ነበር። በዘይትና በዘይት ቫርኒሽ የረጠበ ጨርቅ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ አለዚያ ውሃ ያለበት ጣሳ ውስጥ ይነከር። ከሰል ከተቀጣጠለበትም ራቁ።

ጊዜውን ልንገራችሁ። ለእንቁጣጣሽ ብሎ በጳጉሜን የሚያስቀባ አለ። ደግሞም ብዙ ነው። እንጨቱ ሦስት ወር ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ከርሟል፤ ላዩ ደረቀ ማለት ውስጡ ደረቀ ማለት አይደለም። እርጥበቱን ዘግታችሁበት ፀሐይ ስትወጣ ሽፋኑ ይቋጥራል። ጥቅምትን ይድረቅ። ኅዳር ላይ ጀምሩ። ለጥምቀት እንግዳ የምትቀበሉም ብትሆኑ እስከ ጥር 11 በቂ ጊዜ አላችሁ። ከየካቲት በኋላ ነፋሱ አቧራ ያመጣል፣ አዲስ ቫርኒሽ ላይ ይጣበቃል። ከቀኑም ጤዛው ሲደርቅ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምራችሁ ስምንት ሰዓት ላይ አቁሙ። ፀሐይ እየመታው ያለውን ፊት አትቅቡ፤ ላዩ ቶሎ ደርቆ ሥሩ እርጥብ ይቀራል። ጥላው ሲዞር ተከትላችሁ ዙሩ።

በሩን ከማጠፊያው ነቅላችሁ አግዳሚ ላይ አጋድሙት። አዎ፣ ንቀሉት። ምክንያቱን የታችኛው ጠርዝ ይነግራችኋል። የማራኪውን በር ስናጋድመው የታች ጠርዙ አንዲት ጠብታ ቫርኒሽ አግኝቶ አያውቅም ነበር። ጥቁር ነው። የካቻቪቴ ጫፍ ጫን ሳደርግበት እንደ ቂጣ ገባ። ቆሞ ለሚያየው አይታይም፣ ስለዚህ ማንም አልቀባውም። እንጨት ደግሞ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ከፊቱ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ውሃ ይጠጣል። ዝናቡ ከደፉ ላይ እየነጠረ እዚያው ይመታዋል፣ እርጥበቱ ሽቅብ ይወጣል። የበሰበሰውን ሦስት ጣት ቆርጬ በደረቅ ጽድ ተካሁት።

ቀጥሎ መፋቅ ነው። አሮጌ ቫርኒሽ ካለና ከተላጠ፣ ሁሉም ይውረድ። ግማሹ ደህና ነው ብላችሁ ላዩ ላይ ብትደርቡ፣ በሚቀጥለው ዓመት አሮጌው የደረባችሁትን ይዞት ይወርዳል። እኔ ስባሪ መስታወት በጓንት ይዤ እፍቃለሁ። ከዚያ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ 120። እንጨቱ ግራጫነቱ ለቆት የራሱ መልክ እስኪመጣ ድረስ ነው። ጽድ ከሆነ ቀይ ይሆናል፣ ሽታውም ይነግራችኋል። ግራጫ ላይ የተቀባ ቫርኒሽ ትቢያ ላይ እንደተለጠፈ ወረቀት ነው። ከ150 በላይ አታለስልሱት፣ ቫርኒሹ የሚይዘው ያጣል። የሾሉ ጠርዞችን ሁሉ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር አዙሯቸው። ሹል ጠርዝ ላይ ቫርኒሽ ይሸሻል፣ ሽፋኑ እንደ ጋዜጣ ይሳሳል። መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ምስማር ካለም ያልዛገውን ተጠቀሙ። ዝገትና ታኒን የሚባለው የእንጨቱ ንጥረ ነገር ሲገናኙ በቫርኒሽ የማይሸፈን ጥቁር እድፍ ይሠራሉ።

ጣሳውን አትነቅንቁት። ከነቀነቃችሁት አረፋው በሩ ላይ ይደርቃል። በእንጨት ዘንግ ቀስ ብላችሁ አማስሉት። የሚበቃችሁን ያህል በሻሽ አጥልላችሁ ሌላ ዕቃ ላይ ቅዱ። የተረፈውን ወደ ጣሳው አትመልሱ። የመጀመሪያዋን እጅ ግማሽ በግማሽ በአኳራጅ አቅጥኑ። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ቲነር ይባላል፤ ለዘይት ቀለም የሚሆነውን ጠይቁ እንጂ የናይትሮውን አትግዙ። የቀጠነው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ለቀሩት መሠረት ይሆናል። የተቆረጡ ጫፎች መጠጣት እስኪያቆሙ ደጋግማችሁ አጠጧቸው። ሁለተኛዋ እጅ ሩብ አኳራጅ ይግባባት። ከዚያ ወዲያ እንዳለ ነው።

ስንት እጅ? ጥላ ውስጥ ላለ አራት። ደቡብና ምዕራብ ለሚያይ ስድስት። ሰው ስድስት ስለው ያጭበረበርኩት ይመስለዋል። ግን ስስ ስስ ስድስት እጅ፣ ወፍራም ሁለት እጅ ማለት አይደለም። ወፍራሙ ላዩ ደርቆ ውስጡ ለብዙ ጊዜ ለስላሳ ይሆናል፣ በመጨረሻም ይጨማደዳል። በየእጁ መካከል አንድ ቀን አሳድሩ፣ ብርድ ከሆነ ሁለት። ለማረጋገጥ 220 ቁጥር ወረቀት ቀስ አድርጋችሁ አሹበት። ነጭ ዱቄት ከሰጠ ደርሷል። ወረቀቱ ላይ ተድቦልቡሎ ከተጣበቀ ተዉት፣ ነገ ይደርሳል። ሁሉንም በ220 ካሻችሁ በኋላ አቧራውን ጥረጉና ቀጣዩን ቀቡ። ብሩሹ የመጨረሻ ጉዞውን እንጨቱ በሚሄድበት አቅጣጫ፣ ጫፉ ብቻ እየነካ ይጨርስ።

90 በ210 የሆነ በር አንድ ፊቱ ሁለት ካሬ ሜትር አይሞላም። አንድ ሊትር በአንድ እጅ አሥር ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ለውጩ ፊትና ለጠርዞቹ አንድ ሊትር ተኩል ያዙ። የውስጡን ፊት አትርሱ፤ ቢያንስ ሁለት እጅ ይፈልጋል። አንድ ወገን ተዘግቶ ሌላው ክፍት ከሆነ በሩ ይጣመማል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትንሽ ነው፣ ግን ሰው የሚረሳው እሱን ነው። በየወሩ ለስላሳ ጨርቅ በቀላል ሳሙና ነክራችሁ አቧራውን አንሡ። በረኪና አይንካው። የብረት ማሻሻም አይነካው፤ ስባሪው ሽፋኑ ውስጥ ቀርቶ ይዝጋል። ከዚያ በዓመት ሁለት ጊዜ ፈትሹ። በሚያዝያ፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ እና በኅዳር። ፍተሻው ሁለት ደቂቃ ነው። በእጃችሁ ውሃ እርጩበት። እንደ ዶቃ ተንጠልጥሎ ከቆመ ደህና ነው። ተዘርግቶ እንጨቱን ካጠቆረው እዚያ ቦታ ላይ ሽፋኑ አልቋል።

ወርቁ ጊዜ ብርቅርቅታው ሲሞት፣ ስንጥቅ ሳይመጣ ነው። ያን ጊዜ መፋቅ የለም። ታጥቦ፣ በ220 ታሽቶ፣ ሁለት እጅ ይደረብና የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ደቡብ የሚያየው ይህን በየዓመቱ፣ የተሸሸገው በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ይፈልጋል። አንድ ክረምት ካሳለፋችሁት ግን የሳምንት ሥራ ነው፣ ከመስታወት ስባሪው ጀምሮ። ቁልፍ ወይም ፍየል የጫረው ካለ ዕለቱን ጠርዙን አሽታችሁ የቀጠነ ቫርኒሽ አስነኩት። ለዚህ የሚሆን ትርፍ በትንሽ ብልቃጥ እስከ አፉ ሞልታችሁ አስቀምጡ። አየር ከተረፈው ላዩ ይረጋል።

ለማራኪዋ እናት አንድ ብልቃጥ ሞልቼ፣ ላዩ ላይ «ኅዳር» ብዬ ጽፌ፣ ከቁራጭ ወረቀት ጋር ትቼላቸው ሄድኩ። በሚያዝያ ደወሉልኝ። በጣሳ ውሃ ይዘው በሩን ሲረጩ እንዳረፈዱ ነገሩኝ። «ሁሉም ቆሟል» አሉኝ። «ከቁልፉ ሥር ያለችው ጥግ ግን ውሃዋን ጠጥታለች። መቼ ትመጣለህ?» በማግስቱ ብሩሼን ይዤ ሄድኩ።